ቅጹ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ

ዛሬ ለብዙ ዓመት የደበቅኩትን ላጫውታችሁ።

ነርስነት ልማር ስመዘገብ ቅጹ «ከቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ያለበት አለ?» ይል ነበር። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ግን ያን ጊዜ ጓዳ ተቀምጣ ለብቻዋ ታወራ ነበር። በዚያ በአርሲ ብርድ ነጠላዋን ጥላ ስትወጣ በገብስ ማሳ መሃል እየዞርኩ እፈልጋታለሁ። እንግዳ ሲጠይቅ «ቆላ ወርዳ ወባ ይዟት ነው» እንላለን።

ነርስ ከሆንኩ በኋላ አንዲት አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ እናቷን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ መጣች። መቼ እንደተኛች፣ ምን እንደበላች የመለሰችልኝ ልጅቷ ናት። ካርዱ ላይ ሁሉን ጻፍኩ። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ግን አላልኳትም። ከሌላው ሰው ይልቅ ይህን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

በቡታጅራ በ1990ዎቹ በተጀመረው ትልቅ ጥናት 68 ሺህ ያህል ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። እንዲህ ያለ ቁጥር እጅግ ያስፈልጋል። ከታማሚ ወላጅ ጋር ያደገ ልጅ የሚያውቀው ግን በቁጥር ብቻ አይገኝም። አውስትራሊያዊቷ የአእምሮ ጤና ነርስ ኪም ፎስተር ከታማሚ ወላጅ ጋር ነው ያደገችው። በ2006 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጽሑፍ የተመራማሪው የራሱ ሕይወትም ለነርስነት ጥናት ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል አስረድታለች።

ይህ ዝም ብሎ ማውራት አይደለም። የምታስታውሱትን ትጽፋላችሁ፤ ከሌሎች ትዝታ ጋር ታመሳክራላችሁ፤ «ራሴን አሳምሬ ይሆን?» ትላላችሁ፤ ታሪኩ የሚነካቸውን ሰዎች ታስፈቅዳላችሁ።

እኔም ደብተር አውጥቼ ጻፍኩና ለታናሽ ወንድሜ አነበብኩለት። «እታለም፣ ብቻሽን አልፈለግሻትም» አለኝ። «አዴ» የምንላቸው ጎረቤታችን ስንት ጊዜ እናታችንን አግኝተው፣ እግሯን አጥበው፣ ገንፎ አብልተው እንደመለሷት ነገረኝ። ለካ ወባውን ያመነን ሰው አልነበረም! ደበቅን ብለን የተሸማቀቅነው እኛው ነን። ምስጢር ስንጠብቅ የረዱንን ሳናመሰግን ቀረን።

አያቶችና ወላጆች፣ በቤታችሁ የታመመ ካለ ለልጁ ሦስት ነገር ንገሩት፦ ይህ ሕመም ነው፤ ያመጣኸው አንተ አይደለህም፤ ሲከብድህ ወደ እገሌ ሂድ። ሦስተኛውን በስም ንገሩት።