ለጠባብ ግቢ ምን ዛፍ ይስማማል?

«ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» የሚለው ተረት እምቧጮን ለመናቅ የተተረተ ነው። ጠባብ ግቢ ላለው ሰው ግን ተረቱ ምክር ሊሆነው ይገባል። በአጥርና በግድግዳ መካከል በቀረች ቍራሽ መሬት ላይ የሚያስፈልገው ትንሹ ነውና።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ችግኝ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ክረምት በገባ ቍጥር ችግኝ ይዘን ወደየቤታችን የምንሄደው እኛው ተማሪዎች ነን። ችግኝ ሁሉ በፌስታል ውስጥ ሳለ ስንዝር ስለሚያህል፥ ሲያድግ ምን እንደሚሆን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ባሕር ዛፍን እንመልከት። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ፥ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተቸግራ መዲናነቷ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር በታሰበ ጊዜ ከተማይቱን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ሆኗል። ውለታው አይካድም። ይሁን እንጂ ለእንጦጦ ተራራ የተመሰገነ ዛፍ ለመቶ ካሬ ሜትር ግቢ አይመሰገንም። ነጭ ባሕር ዛፍ ከ40 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ነፋስ ሲጥለው የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። «ቶሎ ያድጋል፥ አጣናውም ይሸጣል» ይባላል። በጠባብ ግቢ ግን ቶሎ ማደጉ ራሱ ችግር ነው፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

አገር በቀል መሆንም ብቻውን አይበቃም። ዝግባና ሾላ የራሳችን ናቸው፤ ቦታቸው ግን የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ሰፊ ሜዳ ነው።

ታዲያ ምን ይተከል? ጌሾ ቅጠሉ ለጠላ ይሆናል። ግራዋ ንብ ይጠራል፥ ቅጠሉም ጋን ያጥባል። ኮክ በደጋ አየር ፍሬ ይሰጣል። ሦስቱም በየጊዜው ቢገረዙ ከጣራ በታች ይኖራሉ። ሲተከሉም ዛፉ አድጎ የሚይዘውን ስፋት አስቀድሞ ማወቅና ቢያንስ የዚያን ግማሽ ያህል ከግድግዳ ማራቅ ነው።

እኛ ተመርቀን ወደየሥራችን እንበታተናለን፤ ከዛፉ ጋር የሚቀሩት ወላጆቻችንና ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስለዚህ በሚመጣው ክረምት ችግኝ ሲታደል፥ ከመቀበላችን በፊት «ሲያድግ ምን ያህላል?» ብለን እንጠይቅ።