የእንጨት ጉንዳን ቤታችን ሲገባ



ባለፈው የዝናብ ወራት አንዲት እናት ቤት ለጉብኝት ሄደን ነበር። ቡናው ተጠጥቶ ልንነሳ ስንል ትንሹ ልጃቸው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር የተነጠፈውን ምንጣፍ ገለጠው። ከሥሩ እንደ መጋዝ ብናኝ ያለ ዱቄት ተከምሯል። እናትየው አንገታቸውን ደፍተው «ጉንዳን ገባብን፤ ቆሻሻ ናቸው እንዳትሉን ብዬ ነው የሸፈንኩት» አሉን። ለሳምንታት ማታ ማታ ሲጠርጉ ኖረዋል። ከገበያ የገዙትንም መርዝ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገልብጠው ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ሥር አስቀምጠውታል። እኛን ያስደነገጠን ጉንዳኑ ሳይሆን ይህ ጠርሙስ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምዳችንን ለዚህ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የእንጨት ጉንዳን የገባበት ቤት የቆሸሸ ቤት ማለት አይደለም። ይህ ጉንዳን የሚወደው ርጥበት የነካውን እንጨት ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ወይም ዝናብ የሚያስገባ መስኮት ባለበት ከማንም ቤት ይገባል። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ምልክቱ ምንድን ነው?

ምስጥን ከአገር ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን። ምስጥ እንጨቱን ይበላል፤ መንገዱንም በአፈር ይሸፍናል። የእንጨት ጉንዳን ግን እንጨት አይበላም። ጎጆ ለመሥራት ይቦረቡረዋል፤ ብናኙንም ወደ ውጭ ይጥለዋል። ትልልቅ ነው፤ በብዛት የሚንቀሳቀሰውም ማታ ነው። ክንፍ ያለው ሲታይ ደግሞ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ወገቡ ቀጭን፣ የራሱ ቀንድ እንደ ክርን የታጠፈ፣ የፊት ክንፉም ከኋላው የሚረዝም ከሆነ ጉንዳን ነው። ወገቡ ወፍራም፣ ቀንዱ ቀጥ ያለ፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል ከሆኑ ምስጥ ነው። በግቢ ተሰልፎ የሣርና የእህል ፍሬ የሚሸከመው ጥቁር ጉንዳን ግን ጎጆው አፈር ውስጥ ነውና ለበራችሁ አትስጉ።

እዚህ አገር አብዛኛው ቤት በሲሚንቶና በብሎኬት የተሠራ ስለሆነ ጉንዳን ቤት አያፈርስም። የሚጎዳው የበርና የመስኮት እንጨት፣ የወጥ ቤት ቁም ሣጥንና የመሳሰለው ነው።

ምን እናድርግ?

1. ማታ በባትሪ መብራት ሰልፉን ተከተሉ፤ ከየት እንደሚወጣ እወቁ። እንጨቱን በጣት ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጎጆው እዚያ ሊሆን ይችላል።

2. ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ርጥበቱ ካልቆመ ጉንዳኑ ተመልሶ ይመጣል።

3. የሄደበትን መንገድ በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ስኳር፣ ማርና የተረፈ ምግብ በሚገጠም ዕቃ ይቀመጥ። ግድግዳ የሚነካ የዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጥ።

4. የሚረጭ መርዝ የሚገድለው የሚታየውን ብቻ ነው፤ ንግሥቲቱ ጎጆ ውስጥ ትቀራለች። ጉንዳኑ ራሱ ወደ ጎጆው ተሸክሞት የሚገባው ማባበያ መርዝ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይሁን።

5. ካልሆነ መድቢር ጥሩ፤ ግን መጀመሪያ የመንግሥት ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ምን መርዝ እንደሚጠቀምና ስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንዳለባችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ። በጥር 2014 በኢየሩሳሌም አንድ ቤት ውስጥ ለተባይ በተቀመጠ መርዝ ሁለት ሕፃናት እኅትማማቾች መሞታቸውን አንርሳ። በ2016 ይህን ሥራ የሚቆጣጠር ሕግ ወጥቷል።

የምትኖሩት በመርከዝ ክሊታ ከሆነ ለኤም ባይት ወይም ለሶሻል ሠራተኛችሁ ንገሩ። ቤት የተከራያችሁ እንደሆነ ደግሞ ለባለቤቱ በጽሑፍ አስታውቁ፤ ፎቶግራፍም አንሡ። በ2017 በወጣው የኪራይ ሕግ መሠረት ባለቤቱ ብልሽቱን ቢበዛ በ30 ቀን፣ ለኑሮ የማያስችል አስቸኳይ ብልሽት ከሆነ ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ ማስጠገን አለበት፤ ጉዳቱን ተከራዩ ራሱ ካላደረሰው በቀር።

ስለ መርዙ ጠርሙስ

መርዝን ከራሱ ዕቃ አውጥታችሁ በመጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አታስቀምጡ። ልጅ ጠርሙሱን እንጂ መርዙን አያውቅም። ልጅ መርዝ ቢጠጣ አታስታውኩት፤ ወዲያው 101 ደውሉ። በሐይፋ የራምባም ሆስፒታል የመርዝ መረጃ ማዕከልም በማንኛውም ሰዓት ይመልሳል፤ ስልኩ 04-7771900 ነው። የመርዙን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ በላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡላቸው። ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ካለ ያንብብ።

የእናትየው ጉዳይ እንዴት ሆነ ብትሉ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የተሰነጠቀ ቧንቧ ተገኘ። ደብዳቤውን አብረን ጻፍን፤ ባለቤቱ ቧንቧውን አስጠገነ፤ የበሰበሰውም የበር እንጨት ተለወጠ። ምንጣፉ አሁን ሳሎን ተነጥፏል። ጠርሙሱን ግን ያን ዕለት ከቤቱ ሳናስወጣ አልሄድንም።

እናንተም ቤታችሁ የሚያሳስባችሁ ነገር ሲኖር አትሸፍኑት፤ ንገሩን።

በሰላም ያገናኘን።