ሳይጋፉ መነገድ

አንባቢ ሆይ! በቅርቡ ለጉዳይ ወደ አምቦ ሄጄ ሳለሁ፥ የማውቀው አንድ ወጣት አገኘኝና፥ «ጋሼ፥ የጭማቂ ቤት ልከፍት ነው» አለኝ። ገንዘቡን ከየት እንዳገኘ ብጠይቀው፥ እናቱ ሁለት በሬዎቻቸውን ሊሸጡለት መስማማታቸውን ነገረኝ። «በዚሁ መንገድ ላይ ስንት ጭማቂ ቤት አለ?» ብለው፥ «አራት ናቸው፤ ሁሉም ሲሸጡ አያለሁ» ሲል መለሰልኝ። የበሬዎቹ ነገር አሳሰበኝ። ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ የነበረውን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አንስቼ የሚከተለውን አጫወትሁት፤ ለእርስዎም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ።

የአምቦ ምንጭ አዲስ ነገር አይደለም። ጠርሙስ ሳይመጣ በፊትም ውሃው ከመሬት ሲፍለቀለቅ ኖሯል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማይቱ «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ግን ይህ ውሃ በጠርሙስ እየተሞላ ለገበያ ይቀርብ ጀመር። በዚያን ጊዜ በየቤቱ ጠላ ይጠመቃል፥ ጠጅ ይጣላል፤ በአዲስ አበባም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 ተቋቁሟል። አምቦ ውሃ ከእነዚህ ጋር ልጋፋ ቢል ኖሮ መውደቁ አይቀርም ነበር። ነገር ግን እነርሱ ያላሰቡለት ሰው ዘንድ ቦታ አገኘ፤ ይኸውም መጠጥ የማይቀምሰው እንግዳ፥ ጮማ በልቶ ሆዱ የከበደው ጋባዥ፥ በሰው ፊት ባዶ እጁን መቀመጥ የሚያፍረው ሁሉ ነው። ከዚህም በላይ ጋዙን ምድር ራስዋ ስለሰጠችው ማርም፥ ጌሾም፥ ብቅልም፥ ስኳርም አላሻውም።

በፈረንሳይ አገር ኢንሲያድ በተባለው የንግድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ቻን ኪምና ሬኔ ሞቦርኝ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የመሰለውን ነገር አስፍተው ጽፈውበታል። ነጋዴ ሁሉ የሚሻማበትን ገበያ በደም በቀላ ውቅያኖስ፥ ማንም ያልደረሰበትን ደግሞ በሰማያዊ ውቅያኖስ መሰሉት። ወደዚያ ለመድረስ አራት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ከተለመደው ምን ይቅር? ምን ይቀነስ? ምን ይጨመር? ጨርሶ ያልነበረ ምን ይፈጠር? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወጪ ያወርዳሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ለገዢው ጥቅም ይጨምራሉ። ምስጢሩ ሁለቱን ባንድነት ማድረጉ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ባዶ ገበያ ባዶ ሆኖ አይቀርም። ሃይላንድ የተባለው ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሆኖ ሲመጣ ለመንገደኛው አዲስ ነገር ነበር፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዛሬ ሕዝቡ የላስቲክ ጠርሙስን ሁሉ «ሃይላንድ» ይለዋል፤ የሚሸጠው ውሃ ግን የብዙ ኩባንያዎች ነው። ስሙ ለጠርሙሱ ቀረ፤ ገበያው ተከፋፈለ። አምቦን ግን ምንጩ ረዳው፤ ሌላው ጠርሙሱን ቢቀዳ ምንጩን መቅዳት አይችልምና።

ወጣቱም ሰምቶኝ ሲያበቃ፥ «ታዲያ እኔ ምንጭ የለኝ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። «በገበያ ቀን ከጉደርና ከገጠሩ የሚመጡትን እናቶች ተመልከት» አልሁት። «ጤፋቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ክብደቱን የሚነግራቸው የገዢው ሚዛን ብቻ ነው። ዕቃ የሚያስቀምጡበት፥ ልጅ የሚያጠቡበት ጥላ አያገኙም። አራቱ ጭማቂ ቤቶች እነዚህን ሰዎች አያስቧቸውም። እንግዲህ መስታወቱና ሙዚቃው ይቅር፤ የመጠጡ ዓይነት ይቀነስ፤ ንጽሕናው ይጨመር፤ ከዚያም ያልነበረው ይፈጠር፤ ይኸውም የማያዳላ ሚዛንና የታመነ ዕቃ ጠባቂ ነው። ላንተ ምንጭ የሚሆንህ መታመንህ ነው፤ ጎረቤትህ ሚዛን ቢገዛ ያንተን ስም አብሮ አይገዛም።»

ነገር ግን ይህም ቢሆን ሳይሞከር በሬ አይሸጥበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ሚዛን ተውሶ፥ ሸራ ወጥሮ፥ ለሦስት የገበያ ቀን እንዲፈትነው መከርሁት። ስንት ሰው እንደመጣ፥ ስንቱ ለመክፈል እንደፈቀደ፥ ስንቱም ተመልሶ እንደመጣ በደብተር ይጻፍ። እናቶቹ ካልመጡ የሚከስረው የሦስት ቀን ድካም ብቻ ነው፤ በሬዎቹ ግን አንዴ ከተሸጡ ማሳው ጦም ያድራል።

እርስዎም፥ አንባቢ ሆይ፥ ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ሱቅ ልክፈት ብሎ ሲመጣ፥ «ማን ሲሸጥ አየህ?» ብለው አይጠይቁት፤ «ማን ሳይገዛ ሲመለስ አየህ?» ብለው ይጠይቁት።

ወጣቱ የመጀመሪያውን የገበያ ቀን ሞክሮ ደውሎልኛል። የመዘነው ለአሥራ አንድ ሰው ነው፤ ከእነርሱም ሰባቱ ከፍለውታል። ገና ነው። በሬዎቹም ገና አልተሸጡም።