የፕሮቲን ምርመራና የላኪው ወረቀት

የእህል ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፥ በእጁ ዘግኖ፥ በጥርሱም ሰብሮ ያውቀዋል። ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም፤ ነቀዝ የጀመረውን ባቄላ ከጤነኛው ለመለየት ዛሬም ቢሆን ከዚህ የፈጠነ ዘዴ የለም። ነገር ግን የአኩሪ አተርና የፋጉሎ ገዢ የሚከፍለው ለኩንታሉ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ላለው ፕሮቲን ጭምር ስለ ሆነ፥ ዓይንና ጥርስ የማይደርሱበት ነገር በውሉ ውስጥ ገብቷል። ገዢው ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ያስመረመረውን ወረቀት አውጥቶ «ፕሮቲኑ ከውሉ በታች ነው» ብሎ ዋጋ ሲቀንስ፥ የሚመልሰው ወረቀት የሌለው ላኪ ከመስማማት በቀር ሌላ መንገድ አይኖረውም።

ለመሆኑ ይህ ፕሮቲን እንዴት ይለካል? ዮሐን ኬልዳል የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በኮፐንሐገን በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1883 ያስታወቀው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እህሉ በሰልፈሪክ አሲድ ተቀቅሎ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይለወጥና ይለካል፤ የተገኘውም ቍጥር በ6.25 ይባዛል። እንግዲህ የተለካው ናይትሮጅን እንጂ ፕሮቲኑ ራሱ አይደለም። ይህን ልብ የማይል ነጋዴ በቍጥር ይታለላል። ናይትሮጅኑ ከመቶ 6.4 የሆነ አኩሪ አተር በ6.25 ሲባዛ ከመቶ 40 ፕሮቲን አለው ይባላል፤ ለአኩሪ አተር ተለይቶ በተሰጠው በ5.71 ሲባዛ ግን 36 ተኩል ብቻ ይሆናል። እህሉ ያው ነው። እንደዚሁም ከነእርጥበቱ ሲመረመር ከመቶ 36 ፕሮቲን የተገኘበት እህል፥ እርጥበቱ ከመቶ 10 ከሆነ፥ በደረቅ ሲታሰብ 40 ይወጣዋል። የማባዣው ቍጥርና የእርጥበቱ ነገር በውሉ ላይ ካልተጻፈ ሁለቱም ወገኖች እውነት እየተናገሩ ሊካሰሱ ይችላሉ።

ከዚህ የከፋው ጕዳት እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና ታይቷል። በውኃ የቀጠነው ወተት በምርመራ እንዳይታወቅ፥ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን የሆነው ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ተጨመረበት። ናይትሮጅን ብቻ የሚቈጥረው ምርመራም ወተቱን መልካም ነው አለ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ 6ቱ ሞቱ።

ፕሮቲኑን በስሙ ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ አለ። ፕሮቲኑ በኤንዛይም ይቈራረጥና የቍርጥራጮቹ ክብደት በማስ ስፔክትሮሜትር ይለካል፤ ከክብደታቸውም የወተት፥ የአኩሪ አተር ወይም የሰሊጥ መሆኑ ይታወቃል። ይህ ጉዳይ የሰሊጥን ነጋዴ በቀጥታ ይነካዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በታሸገ ምግብ ውስጥ ሰሊጥ ካለ በጽሑፍ እንዲገለጽ ያስገድዳል፤ ሰሊጥ የማይስማማቸው ሰዎች በጥቂቱ እንኳ ሊጐዱ ይችላሉና። ሽምብራና ሰሊጥ በአንድ መጋዘን፥ በአንድ ወንፊት የሚያበጥር ላኪ ስለዚህ አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም፤ እንዲህ ያለውን ጥቂት ቅሪት ደግሞ የኬልዳል ዘዴ ፈጽሞ አያየውም።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ አንድ ነጋዴ ገዝቶ ይያዝ ማለት ቀልድ ይሆናል። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ባለሙያ በየዕለቱ ካልሠራበት እጁ ይፈዛል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች መሣሪያውን በአንድ የጋራ ቤተ ሙከራ አኑረው፥ ተመራማሪዎቻቸው በየናሙናው እንዲከፍሉ፥ ከውጭ የሚመጣው ባለጉዳይም ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ እንዲጠቀም ማድረጋቸው ስለዚህ ነው። በኢትዮጵያም ላኪዎች በየግላቸው ናሙና ይዘው ከበር ወደ በር ከሚንከራተቱ፥ የንግድ ምክር ቤቶች ስለ አባሎቻቸው ሆነው ከዩኒቨርሲቲዎች ጋራ አንድ ውል ቢዋዋሉ ይሻላል። ዋጋውም፥ ውጤቱ የሚሰጥበት ቀንም በዚያ ውል ይወሰናል።

ይህን ሐሳብ የሚነቅፉ ሰዎች ያለ ምክንያት አይነቅፉም። የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የተማሪውን ጥናት ያስቀድማል፤ መርከብ ግን ጥናት እስኪያልቅ አይጠብቅም። ደግሞም በአይ.ኤስ.ኦ. 17025 ደንብ መሠረት ያልተመሰከረለት ቤተ ሙከራ የሚሰጠውን ወረቀት የውጭ አገር ገዢ አልቀበልም ቢል መብቱ ነው። ሆኖም ወረቀቱ ለገዢው ባይሆን ለሻጩ ይሆነዋል፤ የዕቃውን ልክ ሳያውቅ ከመዋዋልና ከሸጠ በኋላ ከመደንገጥ ያድነዋል። ለክርክር የሚሆነውን ወረቀት ደግሞ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት በውሉ ላይ ስሙ የተጻፈ፥ የተመሰከረለት ቤተ ሙከራ ይስጠው።

መሣሪያው ምንም ያህል ቢረቅቅ ያመጡለትን ከመመርመር አያልፍም። ከመደቡ ላይ ካለው ጆንያ ብቻ አንድ እፍኝ ዘግኖ የሚልክ ነጋዴ የዚያን ጆንያ ውጤት ያገኛል እንጂ የጭነቱን አያገኝም። ናሙናው ከላይም፥ ከመካከልም፥ ከታችም ካሉ ብዙ ጆንያዎች ተወስዶ፥ በአንድነት ተደባልቆ፥ ከሦስት ይከፈል። አንዱ ለቤተ ሙከራው፥ አንዱ ለገዢው ይላክ፤ ሦስተኛው ግን ሁለቱ ወገኖች ባሉበት ታሽጎ፥ እርጥበት በማይገባው ዕቃ ውስጥ ሆኖ፥ ሒሳቡ እስኪዘጋ ድረስ ይቀመጥ።