በቄሣሮች ወርቅ ላይ የተቀረጹ አማልክት

ጌታችን በዲናሩ ላይ ያለው መልክና ጽሕፈት የማን እንደ ሆነ ፈሪሳውያንን መጠየቁን ወንጌልን ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል፤ የሮማን የወርቅ ገንዘብ ለመረዳት የሚሻ ሰው ግን የቄሣሩን መልክ አይቶ ሊያበቃ አይገባውም፤ የመንግሥቱ ስብከት በይበልጥ የተቀረጸው በጀርባው ነውና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ42 ዓመት፣ ኋላ አውግስጦስ ቄሣር የተባለው ኦክታቪያኖስ ገና ወጣት ሳለ በስሙ የታተመ አንድ ወርቅ አለ። በፊቱ የወጣቱ ራስ ይታያል፤ በጀርባው ደግሞ ኤንያስ ከጠፋችው ከትሮያ ሲሸሽ ሽማግሌ አባቱን አንኪሴስን በትከሻው ተሸክሟል። ኤንያስ ቬኑስ ከምትባለው አምላክት ተወለደ ይባል ስለ ነበረ፣ የዩልዮስ ቄሣርም ቤተ ሰብ ትውልዱን ከእርሱ ይቈጥር ስለ ነበረ፣ ያ ስምንት ግራም ያህል የሚመዝን ወርቅ፣ የተገደለውን ቄሣርን አባቴ የሚለው ይህ ወጣት ዘሩ ከአማልክት መሆኑንና የአባቱን ሸክም መሸከሙን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይመሰክርለት ነበር። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩቱስም በዚያው ዘመን በራሱ ወርቅ ላይ ሁለት ጩቤ፣ በመካከላቸውም ባሪያ ነፃ ሲወጣ የሚደፋውን ቆብ፣ ከበታቹም የግድያውን ዕለት አስቀረጸ። ሠራዊቶቻቸው በፊልጵስዩስ ሳይገናኙ ገንዘቦቻቸው አስቀድመው ተዋግተዋል ማለት ይቻላል።

ኋላም ቄሣሩ ኮሞዱስ የጀግናውን የሄርኩለስን የአንበሳ ለምድ ደፍቶ በወርቅ ላይ ተቀረጸ፤ ቈስጠንጢኖስም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ313 ዓ.ም. በታተመ ታላቅ የወርቅ ሜዳልያ ላይ ከፀሐይ አምላክ ጋር ጐን ለጐን ይታያል።

ይህ ሁሉ የጣዖት ምስል ስለ ሆነ ለክርስቲያን ምን ይረባዋል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዛሬ በኤርትራ ምድር በምትገኘው በጥንታዊቱ የአክሱም ዘመን ከተማ በመጠራ፣ የከርሰ ምድር ተመራማሪው ፍራንሲስ አንፍሬ በቈፈረው ስፍራ፣ የሮማ ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች የአንገት ጌጥ ሆነው ከወርቅ መስቀሎች ጋር በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ ተገኝተዋል። ባለቤታቸው መስቀሉን አክብሮ ሲይዝ የአረማውያንን ወርቅ አላቀለጠም፤ ስላላቀለጠውም ታሪኩ ለእኛ ደረሰ።

ስለዚህ ሲያርስ ወይም መሠረት ሲቈፍር ጥንታዊ ገንዘብ ያገኘ ሰው ሁሉ በአሸዋም ሆነ በአመድ አይፈትገው፣ ወደ አንጥረኛም አይውሰደው፤ የተገኘበትን ስፍራ ለይቶ እንዳለ ለቤተ መዘክር ያስረክብ ብዬ እለምናለሁ።