የቤቱ ቁልፍ ያለው በበጀት አዋጁ ውስጥ ነው



በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መግቢያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል መንግሥትን ዓመታዊ በጀት ያጸድቃል። ለ2018 በጀት ዓመት ያጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ነበር። ዜናው በቴሌቪዥን ሲነገር አብዛኛው ተከራይ ይህ ትሪሊዮን የሚባል ቁጥር ከእሱ ጓዳ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አይገባውም፤ ቢቸግረው ቻናል ይቀይራል። ስለ ቤት ለማወቅ የሚጠብቀው ሌላ ዜና አለ፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ መቼ ይወጣል የሚለውን። እኛ ግን የምንለው ዕጣው የሚወጣው፣ የሚዘገየው ወይም ጭራሹን የሚቀረው በዚያ ሰው በማያዳምጠው የበጀት ዜና ውስጥ መሆኑን ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 መኖሪያን ከትምህርት፣ ከጤና፣ ከንጹህ ውሃና ከምግብ ጋር አብሮ ይጠራል። ነገር ግን አንቀጹ «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» በሚል ሐረግ ታስሯል። የሕግ ሰዎች ይህን ሐረግ ስናነብ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ አቅም መፍቀዱን የሚወስነው ማን ነው? መልሱ እዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። በጀት የሚያዘጋጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የሀገር አቅም ማለት በየዓመቱ በአዋጅ የሚጻፍ የገንዘብ ሠንጠረዥ ማለት ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ ቤት የሚል ርዕስ ከሌለ፣ ወይም ካለና ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ገንዘብ ብቻ ከተጻፈበት፣ አንቀጽ 90 ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወርስ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። አዋጁ አነስተኛ ኪራዮችን ዝቅ አደረገ፤ ድሃው ተከራይም እፎይ አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ለጣሪያ ቆርቆሮ፣ ለግድግዳ ምርጊት፣ ለሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሆን በጀት የሚመድብ ሕግ አብሮ አልወጣም። ቀበሌው በወር ከሚሰበስበው ጥቂት ብር አንድ ምሰሶ እንኳ መቀየር አይችልም ነበር። እነዚያ ቤቶች ምን ሆኑ? ለሃምሳ ዓመት ሲዘሙ፣ ሲያፈሱና ሲደገፉ ኖረው ዛሬ «ያረጁ ሰፈሮች» ተብለው ይፈርሳሉ። ያረጁት ግን በዕድሜ ብቻ አይደለም። የባለቤትነት አዋጅ ነበራቸው፣ የጥገና በጀት አልነበራቸውም።

ወደ ኮንዶሚኒየም እንምጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው ግንባታ በ1998 ዓ.ም. ሀገር አቀፍ ፕሮግራም ሲሆን 400 ሺህ ቤቶችን ለመሥራት ታቅዶ ነበር። ዩኤን ሃቢታት በ2003 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት እስከዚያ ጊዜ የተሠሩት 171 ሺህ ገደማ መሆናቸውን መዝግቧል። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከደባልነት ወጥቶ የራሱን በር ዘግቶ ያደረው በዚህ ፕሮግራም ነው። ተቃዋሚ ስለሆንን የተሠራውን አልተሠራም አንልም።

የምንቃወመው ገንዘቡ የተገኘበትን መንገድ ነው። ለግንባታው የሚሆነው ገንዘብ በዋናነት የመጣው በምክር ቤት ከጸደቀ በጀት ሳይሆን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና ክልሎች ቦንድ ያወጣሉ፤ ባንኩ ይገዛቸዋል፤ በገንዘቡ ቤት ይሠራል፤ ቤቱ በዕጣ ሲተላለፍ ቆጣቢው ከባንኩ ተበድሮ ይከፍላል፤ ቦንዱም ይመለሳል። በወረቀት ላይ ሲታይ መንግሥት ከኪሱ ብዙ ሳያወጣ ሁሉም የሚያገኝበት ዘዴ ነው። ነገር ግን ከበጀት ውጪ የሆነ ነገር ከምክር ቤት ጥያቄም ውጪ ይሆናል። አንድ መንገድ በበጀት ሲሠራ ፕሮጀክቱ ስም አለው፣ የተመደበለት ብር ይታወቃል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ዋናው ኦዲተር ይመረምረዋል፣ የምክር ቤት አባልም ቢያንስ ተነስቶ «ለምን ዘገየ?» ሊል ይችላል። ኮንዶሚኒየሙ ግን በከተማው፣ በባንኩና በግንባታ ጽሕፈት ቤቶች መካከል ሲመላለስ ኖረ። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲጨምር ልዩነቱን የሚሸፍን የበጀት መስመር ስላልነበረ ጭማሪው የተጫነው በቆጣቢው ላይ ነው፤ ወይ በዋጋ፣ ወይ በጊዜ።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ መቆጠብ ጀመረ። በ10/90 የተመዘገበው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው በወር 187 ብር እንዲያስቀምጥ ተነገረው። ያ ሰው ከዳቦና ከዘይት ቀንሶ ያስቀመጠው ብር በ2005 ዓ.ም. ምን ይገዛ እንደነበር፣ ዛሬ ደግሞ ምን እንደሚገዛ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በቀናት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ብረት፣ ሊፍት፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሁሉ አብሮ ወጣ። ምክር ቤቱ በኅዳር 2017 ዓ.ም. 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ማጽደቁ መንግሥት ራሱ የገንዘቡ የመግዛት አቅም መውረዱን እንዳመነ ያሳያል። መንግሥት በጀቱ ሲያንሰው ተጨማሪ ያውጃል። የቆጣቢውን ደብተር ግን ማን ያውጅለት?

ሌላው መዘዝ የመሠረተ ልማት ነው። ቤቱ በአንድ ቋት፣ ውሃውና ፍሳሹ በሌላ፣ መብራቱ በሦስተኛ፣ መንገዱ በአራተኛ ይሠራል። የእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በጀት ለየብቻ ይጸድቃል፣ ለየብቻ ይዘገያል። ውጤቱን በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ነዋሪዎች ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። ቁልፍ ተረክቦ መብራት የሚጠብቅ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የሚሸከም፣ ለሥራ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ የሚቀያይር ሰው ቤት አግኝቷል ይባላል። በስታቲስቲክስም እንደዚያው ይቆጠራል።

ሕግ በሌለበት ደግሞ ሙግት ይበዛል። በ2011 ዓ.ም. የ40/60 ቤት ዕጣ በወጣ ጊዜ ሙሉ ክፍያ የፈጸሙ ቆጣቢዎች ቅድሚያው የእኛ ነው ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በ25,791 ቤቶች ላይ የወጣው ዕጣ ደግሞ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተገኘ ተብሎ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ ኃላፊዎች ታሰሩ፤ ዕጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ብዙ ሰው በዚህ ነገር የተናደደው በሌብነቱ ነው፤ እኛም ተናደናል። ከሌብነቱ ጀርባ ያለው ግን የቆጣቢው መብት በጠንካራ ሕግ ሳይሆን በሚቀያየር መመሪያ ላይ መቆሙ ነው። በመመሪያ የተሰጠ ተራ በመመሪያ ይሻራል።

«ታዲያ ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይቀርብልናል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሳችንን ከራሱ ከምክር ቤቱ ሥራ እንጀምር። በ2017 በጀት ዓመት መንግሥት የልማት ድርጅቶች በንግድ ባንክ ላይ ከምረውት የነበረውን ዕዳ ለማቃለልና የባንኩን ካፒታል ለማጠናከር 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ በአዋጅ ተፈቅዷል። ባንኩ እንዳይወድቅ መደረጉን አንቃወምም፤ የቆጣቢው ገንዘብም ያለው እዚያው ነው። ነገር ግን ይህ አዋጅ አንድ ነገር ያረጋግጣል። መንግሥት አንድን ዕዳ የሀገር ጉዳይ ነው ብሎ ካመነ ዕዳውን ወደ አዋጅ አምጥቶ ለረጅም ዓመታት መሸከም ይችላል። ለስኳርና ለባቡር ዕዳ የተቻለው ለሃያ ዓመት ለጠበቀ ቆጣቢ የማይቻልበት የሕግ ምክንያት የለም። ያለው የፍላጎት ጉዳይ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጪ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን «ይህ ሁሉ የሸገር ወሬ ነው» እንደምትሉ እናውቃለን፤ ብትሉም አልተሳሳታችሁም። በክልል ከተሞች ፕሮግራሙ የደረሰበት ደግሞ ይብሳል። በ1998 ዓ.ም. ብዙ ከተሞችን ያቀፈው ግንባታ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከአዲስ አበባ በቀር በየቦታው ቆመ። ለምን? ቤቶቹን ለመግዛት የሚችል ሰው ማነሱ አንዱ ምክንያት ነበር። ሌላው ግን ለከተማው የተተወ ገንዘብ አለመኖሩ ነው። ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኙት ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ይከፋፈላል፤ ወደ ወረዳና ወደ ከተማ ሲወርድ አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። የደሴ ወይም የጅማ ከተማ አስተዳደር ልበደርና ቤት ልሥራ ቢል ደግሞ ሌላ በር ይገጥመዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ክልሎች ከሀገር ውስጥ የሚበደሩበትን ሁኔታ በሕግ የሚወስነው ፌዴራል መንግሥት ነው። ከተማ ማለት በዚህ ሥርዓት ቦታ በሊዝ ሸጦ የሚያድር አካል ሆኗል። ቦታ ሸጦ የሚያድር ከተማ ደግሞ ቦታውን ለድሃ አይሰጥም፤ ብዙ ለከፈለ ይሰጣል። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለከተሞች አዲስ የገቢ ምንጭ ከፍቷል። ገቢው ለምን እንደሚውል በበጀት ካልታሰረ ግን ነዋሪው ታክሱን ከፍሎ ቤቱን ሳያገኝ ይቀራል።

ገዢው ፓርቲ በቅርብ ዓመታት የያዘው አቅጣጫ ቤት መሥራትን ይበልጥ ለግል አልሚዎችና ለሽርክና መተው ነው። የግል ባለሀብት ቤት ይሥራ፤ እንዲሠራም መንገዱ ይከፈትለት። ሆኖም የግል አልሚ በሠራው ፎቅ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የጥበቃው፣ የጀማሪ መምህሩ ደመወዝ አይገባም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራዩ እንደ ልቡ ኪራይ እንዳይጨምር ገድቧል። ዓላማውን እንደግፋለን። ሆኖም ሌሎች ቤቶች ካልተሠሩ የኪራይ ቁጥጥር ብቻውን የት እንደሚያደርስ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ አይተነዋል። በዚያው ዓመት ከፒያሳ የጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ብዙ ቤተሰቦችን ከኖሩበት ሰፈር አንስቷል። የመንገዱን ማማር አይተናል። ለተነሺዎች ቤት ሲሰጥ ከማን ተራ እንደተቀነሰ ግን በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አላነበብንም።

እኛ ስንመረጥ በአምስት ዓመት ውስጥ ለሁሉም ቤት እንሰጣለን አንልም። እንዲህ የሚል ፓርቲ ካጋጠማችሁ በየትኛው የበጀት መደብ ብላችሁ ጠይቁት። እኛ የምንገባው ቃል ከዚህ ያነሰ፣ ግን ሊመረመር የሚችል ነው። በፌዴራሉ የበጀት አዋጅ ውስጥ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መኖሪያ ራሱን የቻለ ርዕስ እንዲኖር ረቂቅ እናቀርባለን፤ ርዕሱም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ግንባታው እስኪያልቅ ለተከታታይ ዓመታት የሚያስገድድ ይሆናል፤ ቤት በአሥራ ሁለት ወር አይሠራምና። የውሃ፣ የመብራትና የፍሳሽ ወጪው ከግንባታው ጋር በአንድ መደብ ካልተያዘ መሠረት አይቆፈርም። በአንቀጽ 51 መሠረት ከተሞች በገደብና በኦዲት ለመኖሪያ ቤት ብቻ ቦንድ የሚያወጡበት ሕግ እንዲወጣ እንሠራለን፤ የንብረት ታክሱ አንድ ድርሻም ለዚያ ቦንድ ክፍያ ይታሰራል። የነባር ቆጣቢዎች ተራና መብት ከመመሪያ ወጥቶ በአዋጅ ይጻፋል።

ይህ ዋጋ አለው። ለቤት የተመደበ ብር ከሌላ ቦታ የተነሳ ብር ነው። እኛ የምናነሳው በመጀመሪያ መንግሥት ራሱ ከበጀት ውጪ በተገኘ ገንዘብ የሚሠሩ ናቸው ካላቸው ግንባታዎች ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ካለ ወደ ግምጃ ቤት ይግባ፣ ምክር ቤቱም ይይበት። ይህ ካልበቃ የመኪና፣ የስብሰባና የበዓል ወጪ ይቀነሳል። ከዚያም ካልበቃ ያልበቃውን ያህል የቤቱን ቁጥር ቀንሰን፣ ስንት ቤት በስንት ዓመት እንደሚደርስ በቁጥር እንናገራለን።

ወንበር ካገኘን የመጀመሪያው ሰኔ ሲደርስ የምናደርገው ይህ ነው፤ በጀቱ ለምክር ቤት በቀረበ ሳምንት የቤት መደቡን ገጽ አባዝተን በየወረዳው ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ የተጠየቀው ስንት እንደሆነ፣ የተፈቀደው ስንት እንደሆነ፣ የእኛ ተወካዮች እጃቸውን ለየትኛው እንዳወጡ ጭምር።