ዘዋሪው ነጋዴና የገጠር ገበያ

የኢትዮጵያ ንግድ የተጀመረው በመደብርና በመጋዘን ሳይሆን በእግረኛ ትከሻና በበቅሎ ጀርባ መሆኑ የታወቀ ነው። ሲራራ ነጋዴው በአፋር በረሃ የተቆረጠውን አሞሌ ጨው እስከ ጎንደርና ጎጃም ያደርስ ነበር፤ ጨውም ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ አገልግሏል።

ዛሬ አሞሌ ገንዘብነቱ ቢቀርም፣ መኪና በማይደርስበት መንደር መርፌና ክር፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ የሚያደርሰው ዘዋሪው ነጋዴ ነው። ሲመለስም ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቆዳና ሌጦ ይዞ ይወጣል። እንግዲህ ለአስመጪው የመጨረሻ ሻጭ፣ ለላኪው የመጀመሪያ ገዢ እርሱ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ባለመደብር በከተማ አልሸጥ ያለውን ዕቃ በዚህ ሰው ላይ ይጭናል። ይህ ትርፍ መስሎ የሚታይ ኪሳራ ነው። የዛገ መርፌ የገዛች የገበሬ ሚስት በሚቀጥለው ጊዜ ደጇን ትዘጋለች፤ ዘዋሪውም ደንበኛውን አጥቶ የዱቤውን ዕዳ መክፈል ይሳነዋል።

ስለዚህ ለዘዋሪው ነጋዴ ደኅና ዕቃ በትክክለኛ ዋጋ መስጠት፣ ታማኝነቱም ሲታወቅ በመጠኑ ማበደር፣ ከየመንደሩ የሚያመጣውንም ወሬ ማድመጥ ምጽዋት ሳይሆን የራስን ገበያ ማስፋት ነው። የገጠሩ ሕዝብ የከተማውን ነጋዴ እውነተኛነት የሚመዝነው በዘዋሪው እጅ ነውና።